ጣዖት ስለሚባለው ቃልና ስለ አምልኮ ባለቤት በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ



በዚህ የ50ኛ ዓመት በዓል ከሚነገሩት ነገሮች አንዱን እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ የተሰጠኝ የደብራችን ታሪክ አይደለም፤ እርሱን ከእኔ የሚበልጥ ሰው ጽፎታል። ከሰበካ ጉባኤው የመጣልኝ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚህ ዓመት በመካከላችን አንድ ቃል እንደ ድንጋይ ሲወረወር ሰንብቶአል፤ እርሱም ጣዖት የሚለው ቃል ነው። ከቅጥሩ በስተ ምሥራቅ ባለችው በታላቋ ዋርካ ሥር ቅቤ የሚቀቡትንና ቡና የሚያፈሱትን ሴቶች ወጣቶቻችን «ጣዖት አምላኪዎች» ብለው፥ ዛፊቱን ሊቈርጡ መጥረቢያ ስለው ነበር። በሌላም ወገን ወደ ሌላ ቤተ እምነት የሄዱ ልጆች የእናቶቻቸውን ሥዕል ከግድግዳ አውርደው «ይህ ጣዖት ነው» ብለዋል፤ አንዲት እናትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጅዋ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ ትታለች። እንግዲህ ይህ አንድ ቃል በአንድ ዓመት ውስጥ ከዛፍ ሥርም ከማዕድም ገብቶአል። መጥረቢያው ከመነሣቱ፥ ማዕዱም ፈጽሞ ከመለየቱ በፊት ቃሉን ራሱን ብንመረምረው ይገባል ብዬ አሰብሁ። የቅኔ ቤት ልጅ ሌላ መሣሪያ የለውምና።

ጣዖት ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው ሲጠየቅ «ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የተሠራ ምስል» ብሎ ይመልሳል። ይህ ግን የዕቃው ስም እንጂ የቃሉ ምስጢር አይደለም። በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ ደግሞ ወዲያው ጣዕዋ የሚለው ቃል ትዝ ይለዋል። ጣዕዋ በግእዝ ጥጃ ማለት ነው። እስራኤል በሲና ተራራ ሥር ለወርቅ ጥጃ ስለ ሰገዱ፥ ጣዖት ከጣዕዋ ወጣ ብሎ ለመናገር ምላስ ይፈጥናል። ለጉባኤ ቃና የተመቸ ኅብር ነው፤ እኔም ተማሪ ሲቀኝበት ብሰማ ደስ ይለኛል እንጂ አልቈጣም። ነገር ግን ለቅኔ የሚያምር ሁሉ ለሥር ፍለጋ አይበቃም። ግእዝን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዓረብኛ ጋር እያነጻጸሩ መመርመርን ያስተማሩን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው፤ መዝገበ ቃላታቸውም ከዕረፍታቸው በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ድካም በ1948 ዓ.ም. ታትሞአል። በዚሁ የማነጻጸር መንገድ የሄደ ሰው ጣዖት የሚለውን ቃል ከአራማይክ ዘንድ ያገኘዋል። በዚያ ቋንቋ የቃሉ ሥር መሳት፣ መንገድ ስቶ መቅበዝበዝ ነው። የአይሁድ ተርጓሚዎችም ባዕዳን አማልክትን በዚሁ ቃል «ስሕተት» እያሉ ይጠሩአቸው ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ኖልደኬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ ግእዝ የገቡትን የአራማይክ ቃላት ሲመረምር፥ ጣዖት ብቻውን እንዳልመጣ አሳይቶአል፤ ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ታቦት፣ ምጽዋት የምንላቸውም በዚያው በር የገቡ ናቸው። በሩን የከፈቱት ከሶርያ የመጡ መነኮሳት ናቸው ወይስ አስቀድመው በቀይ ባሕር ዳርና ዳር የነበሩ አይሁድ የሚለው ክርክር በሊቃውንት መካከል አለ፤ ለእኛ ለዛሬው ነገር ግን አያስፈልገንም። በዓረብኛም ጣጉት የሚባለው ከዚሁ ቤተ ዘመድ ነው።

አሁን የግሪኩን ቃል በአጠገቡ አቁሙት። ግሪኮች ኤይዶሎን ይላሉ፤ ፈረንጆችም ቃላቸውን ከዚያ ወስደዋል። ትርጓሜው የሚታይ መልክ፣ ጥላ፣ ምትሐት ማለት ነው። የግሪኩ ቃል ዓይኑን በተሠራው ነገር ላይ ይጥላል። የእኛ ቃል ግን ስለ እንጨቱም ስለ ድንጋዩም የሚናገረው የለም፤ የሚናገረው ስለ ሰውዬው አካሄድ ነው። መንገድ የሳተ ሰው በሄደበት ሁሉ ጣዖት አለ፤ መንገዱን ያልሳተ ሰው ደግሞ በሺህ ሥዕል መካከል ቢቆም ጣዖት የለበትም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ጣዖትን በዓይኑ ይፈልጋል፤ ዓይን ደግሞ ቅርፅ ያለውን ሁሉ ትከስሳለች፥ ቅርፅ የሌለውን ግን ታሳልፈዋለች።

ወደ ሁለተኛው ቃል እንለፍ፤ ይኸውም አምልኮ ነው። አምለከ የሚለው ግስ ከመለከ ይወጣል። መለከ ማለት ገዛ፣ ያዘ፣ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አምለከ ሲል ሌላውን በራሱ ላይ ባለቤት አደረገ፣ «ግዛኝ» አለ ማለቱ ነው። አረጋውያን አባቶቻችን መልከኛ የሚባለውን ሹም ያውቁታል፤ መሬቱን የያዘ፣ ግብሩን የሚቀበል ሰው ነበር። ገበሬው መልከኛውን ባይወደውም፥ ፊቱንም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢያይ፥ እህሉን የሚሰፍረው ለእርሱ ነው። በዚያ ዘመን የአገሩን ባለቤት ለማወቅ የሚፈልግ እንግዳ «እዚህ የተቀረጸው ምስል የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «የምትገብሩት ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። አማርኛችንም ይህን አስተውሎ ይዞታል። ዛር ያለባት ሴት ትገብራለች ይባላል፤ ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰው የጥቍር ዶሮ ግብር ታዘዘ ይባላል። ማንም ያላስተማረው ሕዝብ አምልኮ የግብር ነገር እንደ ሆነ በአፉ ይመሰክራል።

አምላክ የሚለው ስም ራሱ ለሰዋስው ተማሪ ያስደንቃል። ልብስ ሲበዛ አልባስ፣ ፈረስ ሲበዛ አፍራስ እንዲል፥ አምላክም የብዙ ቍጥር ቅርፅ ይዞ ለአንዱ የሚነገር ነው፤ በዕብራይስጥም ኤሎሂም እንዲሁ ብዙ መስሎ ለአንድ ይነገራል። ከዚህ ላይ የዕብራውያን ነቢያትን ቅኔ ልጠቍማችሁ። ጣዖታትን ሲነቅፉ ኤሊሊም ይሉአቸዋል፤ ድምፁ ኤሎሂም የሚለውን ይመስላል፥ ትርጓሜው ግን ከንቱዎች፣ የማይረቡ ማለት ነው። ሐሰተኛው አምላክ የእውነተኛውን ድምፅ ይዋሳል እንጂ የራሱ የለውም ማለት ነው።

ቃል በጣዖት አፍ ስለ ዋለ ብቻ ረክሶ ይቀራልን? አይቀርም፤ ለዚህም የገዛ አገራችን ምስክር ናት። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛና በመጀመሪያ ዘመኑ ባስጻፋቸው ድንጋዮች ላይ ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል፤ ማሕረም የጦርነት አምላክ ነበር። ከእርሱም ጋር ዐስተር፣ ብሔርና ምድር የሚባሉ ይጠራሉ። በኋላ ባስጻፋቸው ላይ ግን ድሉን የሰማይ ጌታ ለሚለው ይሰጣል፤ በገንዘቡም ላይ የጨረቃው ምልክት ጠፍቶ መስቀል ተተካ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ብሔር የሚለው ቃል አስቀድሞ በአማልክት ተርታ ይጠራ ነበር። ክርስቲያን የሆኑት አባቶቻችን ቃሉን አልጣሉትም። እግዚእ የሚለውን በፊቱ አቁመው እግዚአብሔር አሉ። ሊቃውንት ይህን ስም በልዩ ልዩ መንገድ ይተነትኑታል፤ እኔ ግን ሳነበው ሲመለክ የነበረው ራሱ ባለቤት ተሾመበት ብዬ አነባለሁ። በይሓም እንዲሁ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ለአልመቃህ የተሠራው ታላቅ ቤት ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖአል፤ ድንጋዩ ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። አባ አፍጼ የከበሩበት ስፍራ ያ ነው። ድንጋዩን ያፈረሰው የለም፤ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ሚስቶች የሆናችሁ ይልቁን ስሙኝ። በከነዓን የነበረው ታላቁ ጣዖት በኣል ይባል ነበር። በኣል ማለት ባለቤት ማለት ነው፤ ባለጸጋ፣ ባለርስት፣ ባለሙያ ስንል በመጀመሪያው ላይ የምንቀጥለው ባለ ከዚሁ ሥር ነው። ባል የምንለውም እርሱ ነው! ዕብራውያን ይህን ቃል እጅግ ፈርተውት ነበር። የሳኦል ልጅ በዜና መዋዕል አስበኣል ተብሎ ተጽፎአል፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ግን የጣዖቱ ስም እንዳይነበብ ኀፍረት በሚል ቃል ተለውጦ ኢያቡስቴ ተባለ። ነቢዩ ሆሴዕም እስራኤል እግዚአብሔርን በዚህ ስም መጥራት የምትተውበት ቀን እንደሚመጣ ተናግሮአል፤ ባል ማለት ለጣዖቱም ለትዳሩም አንድ ቃል ስለ ነበረ፥ አፍ ከሁለቱ የቱን እንደ ጠራ አይታወቅም ነበርና። በእኛ አገር ግን ያ ጣዖት ግብር ስላላገኘ ቃሉ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። «ባሌ መጣ» የምትል ሴት ጣዖት ጠራች የሚል ሰው ቢኖር የሚስቀው ማን ነው? ጣዖት በፊደል ውስጥ አይቀመጥም፤ ግብሩ በቆመ ጊዜ ስሙ ተራ ቃል ይሆናል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንድረስ፤ ይኸውም ስግደት ነው። ሰገደ የሚለው ሥር በሴም ቋንቋዎች ሰፊ ነው። እስላሞች ጎረቤቶቻችን የሚጸልዩበት መስጊድ በዚሁ ሥር ይጠራል፤ ቤተ እስራኤልም ከማስተሰረያ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ተራራ ወጥተው የሚያከብሩት በዓል ሲግድ ይባላል፤ ወደ እስራኤል አገር ከሄዱ በኋላም አልተዉትም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ የዚያ አገር መንግሥት በዓል ሆኖአል። ሰገደ የሚለው ግስ ግን አንድ ችግር አለበት። የጕልበትን ሥራ ይናገራል እንጂ የልብን አይናገርም። አብርሃም ለኬጢ ልጆች የመቃብር ስፍራ ሲለምን ሰግዶአል፤ ያዕቆብም ለወንድሙ ለዔሳው ሰባት ጊዜ ሰግዶአል። ይህን ማንም አምልኮ አይለውም። ስለዚህ መምህራኖቻችን ስግደትን ለሁለት ከፍለው ያስተምራሉ፤ አንዱ ለፈጣሪ ብቻ የሚገባ የአምልኮ ስግደት ነው፥ ሁለተኛው ለቅዱሳን፣ ለመስቀልና ለሥዕል የሚቀርብ የጸጋ ስግደት ነው። ጕልበቱ አንድ፥ ግብሩ ሁለት ነው።

ይህ ክፍፍል ገና በሕዝብ ልብ ባልጸናበት ዘመን በአገራችን ብዙ ደም ፈሶአል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቈላንና ባዕድ አምልኮን በብርቱ ያሳደደ ንጉሥ ነበር። ደስክና ዲኖ የተባሉትን አጋንንት እንዲክዱ፥ የሥላሴን ስምና ሰይጣንን መካዳቸውን የሚናገር ቃል በግንባራቸውና በእጃቸው እንዲጽፉ ሕዝቡን አዘዘ። ለእነዚህ አጋንንት ሰገዳችሁ ተብለው ከተከሰሱትና ከተቀጡት ውስጥ የገዛ ልጆቹ እንኳ ነበሩ። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለንጉሡ፣ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም፥ የምንሰግደው ለሥላሴ ብቻ ነው አሉ ተብለው ተከሰሱ፤ ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ሞቱ። ሁለቱም ወገኖች ጣዖትን እንጠላለን ይሉ ነበር። ንጉሡ ጣዖትን ሊያጠፋ ስግደትን አዘዘ፤ መነኮሳቱም ጣዖትን ሊሸሹ ስግደትን እንቢ አሉ። እኔ ከሁለቱ ወገን የአንዱን ጠበቃ ሆኜ አልቆምም፤ ንጉሡ ለማርያም ያለው ፍቅር እውነተኛ ነበር፥ የመነኮሳቱም ትዕግሥት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሰገደ የሚለው አንድ ቃል ሁለት ጭነት ተጭኖ እንደ ነበረ፥ ጭነቱን ለይቶ የሚያወርድ መምህርም በመካከል ባለመቆሙ በትር እንደ ገባ አያለሁ። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የእስጢፋኖስ ልጆች ገዳም ጉንዳ ጉንዶ በኋለኛው ዘመን በራሱ የሥዕል ስልት የታወቀ ሆነ። በዚያ ስልት ከተሣሉት የወንጌል መጻሕፍት መካከል እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ የምትታይባቸው ይገኛሉ።

ልጆቿ ሥዕሉን ላወረዱባት እናትም ይህን ብያለሁ፤ ለልጆቿም ቢሰሙኝ እላለሁ። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያገባው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፥ ባዶ በቀረው ስፍራም ወርቁ ይገባል። ሰሙ ባይኖር ወርቁ መልክ አያገኝም፤ ሰሙ አልወጣም ቢል ደግሞ ወርቁ መግቢያ አያገኝም። ሥዕል ሰም ነው። እናትየዋ በሥዕሉ ፊት ቆማ «እመቤቴ» ስትል ሰሙ ፈስሶ ወርቁ ገብቶአልና፥ ቀለሙንና ወረቀቱን አልጠራችም። ልጅየው ያየው ሰሙን ብቻ ነው። ከዚህም ጋር እናቶች አንድ ነገር እንድታስተውሉ እለምናለሁ። ሥዕሉ ከቤት በጠፋ ጊዜ ጸሎታችሁ ከጠፋ፥ ወይም ከአንዱ ሥዕል ይልቅ የሌላው «ይሠራል» ብላችሁ ከተመረጠ፥ ሰሙ አልፈሰሰም፤ ልጁም በዚያ ቀን ለነቀፋው ምክንያት አግኝቶአል። በሲናም የሆነው ይህ ነው። አሮን ጥጃውን ከሠራ በኋላ በዓሉ የእግዚአብሔር በዓል ነው ብሎ ነበር፤ ስሙ ትክክል ነበር፥ ዕቃውም ወርቅ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ወርቁ ራሱ ሰም ሆኖ ቀረ።

ስለ ታቦት ብዙ አልናገርም፤ ካህናቱ ታውቁታላችሁ። በግእዝ ታቦት የሚለው አንድ ቃል የኖኅንም መርከብ፣ የሙሴንም የኪዳን ማደሪያ ይይዛል፤ ዕብራውያን ግን ለሁለቱ ሁለት ስም አላቸው። ለእኛ ሁለቱም ማደሪያዎች ናቸው፤ በአንዱ የሰው ዘር፥ በሁለተኛው የእግዚአብሔር ቃል አደረ። በጥር 11 ቀን ታቦቱ በሚያልፍበት ጊዜ መሬት የሚስመው ሕዝብ ለተጻፈበት ስም ይሰግዳል እንጂ ለእንጨቱ አይደለም። በየሰፈሩ «የእኛ ታቦት ከእናንተ ታቦት ይበልጣል» የሚል ክርክር ሲነሣ ግን፥ ክርክሩ በቃሉ ትርጓሜ ጣዖት ነው፤ መንገድ ስቶአልና።

የናስ እባብ ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሙሴ በምድረ በዳ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ሰቀለው፤ ያዩት ዳኑ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሕዝቅያስ ሰበረው፤ ሕዝቡ ያጥኑለት ነበርና። ናሱ ያው ናስ ነበር፤ የተለወጠው የዕጣኑ መንገድ ነው። ስሙም ነሑሽታን ተባለ፤ በዕብራይስጥ እባብ የሚለውና ናስ የሚለው ቃል በድምፅ ስለሚገጥሙ፥ ስሙ እባብም ናስም ሆኖ ይሰማል። የቅኔ መምህር ይህን ኅብር ነው ይለዋል። ንጉሡ የናስ ቍራጭ ብቻ ነው ብሎ በስሙ ውስጥ ዘለፈው።

እስከ አሁን ስለሚታየው ተናገርሁ። የማይታየው ጣዖት ግን ይበዛል፤ ከእርሱም የሚከፋው በቃል የተሠራው ነው። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የሙሴን ሕይወት ሲተረጕም፥ የሰው አእምሮ እግዚአብሔርን ለመወሰን የሚቀርጸው ሐሳብ ሁሉ ጣዖት እንደሚሆን አስተምሮአል። ይህ ለእኛ ለመምህራን የተነገረ ይመስለኛል፤ መጥረቢያና መሮ ሳንይዝ በሰዋስው ብቻ መቅረጽ እንችላለንና። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ መጎምጀትን ከጣዖት አምልኮ ቈጥሮአል፤ ምስል የሌለው፣ ቤት የሌለው፣ ግብሩ ግን የማይቋረጥ ጣዖት ነው።

የመሐላችንንም ነገር አስቡ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሰው በንጉሡ ስም «ይሙት» እያለ ይምል ነበር፤ በገበያም በፍርድ ቤትም ይህ መሐላ ይታመን ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዙፋኑ በወደቀ ጊዜ መሐላው ከአፍ ጠፋ፤ የሚሞት ምስክር እስከ ሞቱ ድረስ ብቻ ነውና። ዛሬም «ልጄ ይሙት»፣ «እናቴ ትሙት» እንላለን። ይህን የሚል ሰው ልጁን ያመልካል አልልም፤ አነጋገር ሆኖ የቀረ ነው። ነገር ግን መሐላ ለእውነት ባለቤት መሾም ነው፤ ከመልከኛው ነገር ጋር ስታነጻጽሩት ቀላል አይሆንላችሁም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የክታብ ነገር ነው። ከቀለም ቤት የወጡ፣ ዜማና ቅኔ የተማሩ አንዳንድ ሰዎች የእግዚአብሔርን ስም ከማይታወቁ አስማት ጋር እየደባለቁ በብራና ጽፈው ይሸጣሉ፤ መርበብተ ሰሎሞንና የመሳሰለውን። አንገቷ ላይ የምታስረው እናት ስለ ታመመ ልጅዋ ታለቅሳለችና እርስዋን አልወቅስም። ጸሓፊው ግን ምን እንዳደረገ ያውቃል። አምልኮ ሰውን ለእግዚአብሔር ግዛት ማድረግ ነው፤ ክታብ ግን ስሙን ለሰው ግዛት ያደርገዋል። «ይህን ስም ብትጽፍ ጋኔኑ ይታዘዛል» ሲል፥ ስሙ መሣሪያ ሆነ፤ መሣሪያን ደግሞ ማንም አያመልክም፥ ይሸጠዋል እንጂ። ሴቲቱ በዋርካ ሥር ያፈሰሰችው ቡና ሲኒ አይሞላም፤ ይህ ሰው ግን የፈሰሰውን ስም ሰብስቦ ዋጋ ቈረጠለት። ወጣቶቻችን መጥረቢያ ሲስሉ ወደዚህ ሰው ቤት አልሄዱም፤ ዛፍ አይከራከርምና ዛፍ ቀለላቸው።

እንግዲህ ስለ ዋርካዋ የተጠየቅሁትን ልመልስ። ሕዝቅያስ እባቡን ሰብሮአል፤ ጌዴዎንም የአባቱን የጣዖት ዐጸድ ቈርጦአል፤ በአባቶቻችን ገድልም ሕዝብ ያመልካቸው የነበሩ ዛፎች መቈረጣቸው ተጽፎአል። ይህን የሚያስታውሱ ወጣቶች ያለ ማስረጃ አልተናገሩም፤ ቅንዓታቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን የናሱ እባብ ሥራውን ፈጽሞ ነበር፤ ዕጣን ከመቀበል በቀር ሌላ አገልግሎት አልቀረለትም። የእኛ ዋርካ ግን ከግማሽ ምእተ ዓመት ጀምሮ ለቀስተኛ ያርፍባታል፣ ማኅበርተኛ ይቀመጥባታል፣ የአብነት ተማሪ በጥላዋ ሥር ይቀጽላል። ብንቈርጣት ቅቤው ወደሌላ ዛፍ፣ ከዚያም ወደ ድንጋይ፣ ከዚያም ወደ ምንጭ ይሄዳል፤ የተቀየመውም ልብ ከእኛ ይርቃል።

ሴቶቹ ወደ ዛፊቱ የሚሄዱት ምን ፈልገው ነው? ጠይቄአለሁ። አንዲቱ ልጅ ፈልጋ፥ አንዲቱ ላምዋ ስለ ታመመባት፥ አንዲቱም እናትዋ ታደርገው ስለ ነበረ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም የንስሐ አባታቸው ስለዚህ ነገር ጠይቆአቸው አያውቅም። ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤው ያቀረብሁት ይህ ነው። መጥረቢያው ወደ ዕቃ ቤት ይመለስ። የንስሐ አባቶች ከእነዚህ ሴቶች ጋር በመጪው ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በኋላ በዛፊቱ ሥር ይቀመጡ፤ ስለ ልጁም ስለ ላሚቱም ስለ እናትየዋ ልማድም ይስሙአቸው፥ በዚያውም ስፍራ ጸሎት ይድረስ። ቅቤው ለመቅረዝ፥ ቡናውም ከጸሎቱ በኋላ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ይሁን። መጥረቢያ የሳሉት ወጣቶችም ከወንበር ተሸካሚዎቹ ጋር ይምጡ፤ እኔም እገኛለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።